ያልደነበረችው አጋዘን

አንድ ሰው ነበረ። አዳኝ ነበር። ቁጭ በል እንጂ ስንሻው! ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። ይኸው ሦስተኛህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጠየቅኸኝ፣ ሰንበቴው ላይ ጠየቅኸኝ፣ አሁን ደግሞ እቤቴ ድረስ መጣህ። «የኔታ፣ እኅቴን እንጉዳይን ‹እናታችን ልትሞት ነው› ብዬ ከከተማ ባስጠራት፣ ስትመጣም እዚሁ አስቀርተን ለዚያ ለሸሸችው ሰው ብንድራት ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ? ለራሷው ብዬ እኮ ነው!» ትላለህ። መልሱን ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ያንተ ጆሮ የፈለገውን ካልሆነ አይሰማም። እስቲ ደግሞ በምሳሌ ልሞክርህ።

አዳኙ ቆላ ነበር የሚኖረው። ሚስትና አምስት ልጆች ነበሩት። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ እህል አያበቅልለትም፤ ቤቱ ጠግቦ የሚያድረው አጋዘን የገደለ ቀን ነው። ሥጋውን ይበሉታል፣ የተረፈውን ቋንጣ ያደርጉታል፣ ቆዳውን ገበያ ወስዶ በማሽላ ይለውጠዋል። አጋዘን ደግሞ ቀላል አውሬ አይደለም። አንዲት ደረቅ ቅጠል ብትረግጥ ሰምቶ ማዶ ይገኛል። ስለዚህ ሰውዬው አብዛኛውን ቀን ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው።

አንድ ቀን እናቷ የሞተችባት የአጋዘን ግልገል አገኘ። የሞተችባት እላለሁ እንጂ የገደላት እሱው ነው። እቤት አመጣት፤ ሚስቱ የፍየል ወተት እያጠጣች አሳደገቻት። ከልጆቹ ጋር ታድራለች፣ ከመዳፋቸው ጨው ትልሳለች። ሰው አትፈራም። የጠመንጃውን ድምፅ ሳይቀር ለምዳው ጆሮዋን እንኳ አታቆምም ነበር።

ባደገች ጊዜ ሰውዬው አንድ ብልሃት መጣለት። ጫካው መሐል ገላጣ ቦታ አለ፤ የዱር አጋዘኖች ጨዋማ አፈር ሊልሱ የሚመጡበት። ያቺን ቤት ያደገች አጋዘን ወስዶ እዚያ ከግራር ሥር በልጥ ገመድ ያስራታል። ከፊቷ አሞሌ ያስቀምጥላታል። እሱ ነፋሱ ሽታውን በማያደርስበት በኩል ቁጥቋጦ ውስጥ በሆዱ ይተኛል። አጋዘኖቹ መጥተው ከዳር ሆነው ያያሉ። ከዘመዶቻቸው አንዷ አንገቷን ደፍታ ጨው ትልሳለች። «ሰላም ነው ማለት ነው» ይላሉ። አይናገሩም መቼም፤ እኔ ነኝ የምልላቸው። ከዚያ ይገባሉ። ጠመንጃው ይጮኻል፣ አንዱ ይወድቃል፣ የቀሩት በርግገው ይጠፋሉ። እሷ ግን ቀና እንኳ ሳትል ጨዉን ትልሳለች።

እሷ ምን ታውቃለች! በእሷ አልፈርድም። ሰውዬው ግን ያውቃል። ሚስቱም «ኧረ ተው፣ በእጃችን ያደገች ፍጥረት ናት፤ የወገኖቿ መግደያ አታድርጋት» ብትለው፣ «ሥጋውን ስትበዪ እንዲህ አላልሽኝም» ብሎ አፏን ዘጋት። አይ! ሰው እውነት ሲነግሩት የሚመልሰው መልስ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ሁለት ዓመት ጠገበ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ የሚያመልጡ አሉ። ያመለጡት ደግሞ አይተዋል፤ ሁሉ ሲሮጥ ያልሮጠችውን አንዷን አይተዋል። ቀስ በቀስ ገላጣውን ሸሹት። እሷ ባለችበት ጨውም ይሁን ለምለም ሣር፣ አንድም የሚደርስ ጠፋ። ከመንጋው ሃያ የማይሞሉ ቀርተው ገደል ሥር ያለ ጥሻ ውስጥ ገቡ። ሰውዬው «ግድ የለም፣ ይረሱታል» አለ። ይረሱታል! አንተስ ስለ እንጉዳይ «ስትወልድ ትረሳዋለች» አላልከኝም?

በሚያዝያ ገበሬዎች የመነጠሩትን ሲያቃጥሉ እሳቱ አመለጣቸው። የዚያን ጊዜ የቆላ ሣር መቼም ክብሪት ነው። ነፋስ ተነሣ፣ እሳቱ ሰደድ ሆነና ጥሻውን ከበበው። ወደ ወንዙ የምታወርድ አንዲት ጠባብ መውጫ ብቻ ቀረች፤ እሷንም ጭስ ሸፍኗት አጋዘኖቹ ሊያገኟት አልቻሉም። ሰውዬው ግን መውጫዋን ያውቃታል። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያይ ደረቱን መታ። አዘነላቸው ብለህ እንዳታስብ! እነሱ ካለቁ አምስቱ ልጆቹ ምን ይበላሉ? አዝኖም ይሆናል፤ ልቡ ውስጥ አልገባሁም።

ያቺን አጋዘን ከቤቱ ፈትቶ እየጎተተ ቁልቁል ሮጠ። በዚህስ አልወቅሰውም፤ ፀጉሩ እስኪለበለብ ድረስ ገብቷል። መውጫዋ አፍ ላይ አቆማት። ጠመንጃውን ጥሎ ነው የመጣው። ዛሬ ጥይት የለም፣ ተንኮል የለም። አይተዋት ወደ እሷ ቢሮጡ ከኋላዋ ውሃ ነው፤ ይተርፋሉ።

አጋዘኖቹ ከጭሱ መሐል ብቅ አሉ። የመንጋው መሪ አንዲት አሮጊት እንስት ነበረች፤ ከፊት ሆና ወደ መውጫዋ መጣች። ትንሽ ሲቀራት ቆመች። አየቻት። እሳት እየነደደ እንኳ ሳትደነብር ዝም ብላ የቆመችውን አወቀቻት። ሰውዬው «ነይ! ኧረ ነይ፣ የዛሬው እውነት ነው!» እያለ ጮኸ። አሮጊቷ ዞረች። መንጋውም ተከትሏት ዞረ። ተመልሰው እሳቱ ውስጥ ገቡ።

አንድም አልተረፈ። ሰውዬው እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ወንዙ ዳር አለቀሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እህል ፍለጋ አገር ለቆ ወጣ።

እንግዲህ ስማኝ ስንሻው። አዳኙ አንተ ነህ። ታስራ የቆመችው እናትህ ናት፤ በስሟ ምን እንደሚደረግ የማታውቅ ምስኪን። እንጉዳይ ከእናንተ ስትሸሽ ከእናቷ አልሸሸችም። በእሷ ስም የምትጠራትም ለዚሁ ነው፤ በአንተ ስም ብትጠራትማ እንደማትመጣ አሳምረህ ታውቃለህ! እሺ መጣች እንበል። እሺ ዳርካት እንበል። ያችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ አውቃታለሁ፤ ታመልጣችኋለች። ከዚያስ? እናትህ ሰባ አልፏታል። አንድ ቀን በእውነት ትወድቃለች፣ አልጋ ላይ ሆና «ልጄን ጥሩልኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ማንን ትልካለህ? ምን ብለህ? «የዛሬው እውነት ነው» ብለህ? ሰው ብትልክ አታምነውም፣ ብትምል አታምንህም። እናትህ በሩን እያየች ትሞታለች፣ ልጅቱም እናቴ ደኅና ናት እያለች ትኖራለች። አንተ ደግሞ ኃጢአት ነው ወይ ትለኛለህ!

ምነው አቀረቀርህ? ቀና በል እንጂ። ሰው አልላክህባትም አይደል? ስንሻው! ዛሬ ጠዋት? በአጎትህ ልጅ? ወይ አምላኬ! ታዲያ ሦስት ጊዜ የተመላለስከው ምክር ፈልገህ ሳይሆን ላደረግኸው ምርቃት ፈልገህ ነዋ! የኔንስ ምርቃት አታገኝም። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አይነሣም፤ ልጁ ገና መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ነው ያለው። ምን ታየኛለህ? ተነሥ፣ ሩጥ!