የሐሮ ሜዳው ተሳቢ

ከሚሌ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ የምንነዳ ሰዎች አንድ አባባል አለን። እንግዳ ሰው ሲሰማው ስለ መኪና የምናወራ ይመስለዋል፤ ግን ለመኪና ብቻ አይደለም የሚባለው። የታመመች ሚስቱን ሐኪም ቤት ሊወስድ ተነሥቶ «መጀመሪያ ማሽላዬን ልሰብስብ» የሚል ገበሬ ይባልበታል። ወንድሙ ታሞ ተልኮበት «ለሱቁ ሰው ላግኝ» እያለ የሚያመነታ ነጋዴም ይባልበታል። መሪ ጨብጣ የማታውቀው ባለቤቴ እንኳ አንድ ቀን እኔኑ ብላኛለች። ያን ቀን የያዝኩትን ትቼ ተነሣሁ፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁና። የነገረኝ ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ ነው፤ አጥናፉ ይባላል። የቀረውን ከሐሮ ሜዳ ሰዎች ሰምቻለሁ።

አጥናፉ ያን ጊዜ አርባ ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ፣ ለጭነቱ ሟች የሆነ ሹፌር ነበር። እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት የተሳቢው ጎማ ፈንድቶበት፣ ተሳቢውን መንገድ ዳር ፈትቶ ጎማ ሊያስጠግን ሄደ። ሲመለስ ከጫነው ስንዴ ግማሹ የለም። እሱ አልሰረቀም፤ ግን ማን ይመነው? ስምንት ወር ታሰረ። ሲፈታም ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ እየተጠቋቆመበት ኖረ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ከተሳቢው ለይቶት አያውቅም። ምሳውን እንኳ ተሳቢው በሚታይበት በኩል ዞሮ ነበር የሚበላው።

ወሩ ግንቦት ነው። አጥናፉ ማዳበሪያ ጭኗል፤ በመኪናው መቶ ሃምሳ ኩንታል፣ በተሳቢው ሁለት መቶ። በቆላው ሜዳ ሲመጣ ከሞተሩ ቀጭን ፉጨት መሰማት ጀመረ። ቀጥሎ ጉልበቱ ወረደ፤ ከጭስ ማውጫውም ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ሐሮ ሜዳ የምትባለው ትንሽ መንደር ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈታ። ውስጡ በዘይት ርሷል። እጁን አስገብቶ የቱርቦውን ዘንግ በጣቱ ሲነካው እንደሚወልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያቀብል ዕቃ ነው፤ እሱ ከደከመ ሞተሩ ሜዳውን ይሄድ ይሆናል እንጂ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከሐሮ ሜዳ ስምንት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ ደግሞ የባቲ ዳገት ይጀምራል።

አጥናፉ የሚገባውን አደረገ። ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱን ፈንታሁንን፣ በጠዋት ተከታትለው ከሚወጡት መኪኖች በመጨረሻው ላይ አሳፍሮ መካኒክና አዲስ ቱርቦ እንዲያመጣ ላከው። እሱ ከጭነቱ ጋር ቀረ። በዚያ ዘመን የጠዋቶቹ መኪኖች ካለፉ መንገዱ እስከ ማታ ጭር ይላል። ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከመንደሩ ጀርባ ብቅ አሉ። ቃሬዛው ላይ መዲና የምትባል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ሴት ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ባሏ እንድሪስና ወንድሙ አደም ከፊት ይዘዋል፤ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ። የመንደሩ አዋላጅ እማማ ጦይባ ነጠላቸውን አውልቀው ፊቷ ላይ ጥላ ሠርተውላታል። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሄ በምርኩዝ እየተረማመዱ ቀድመው መጡ።

«ልጄ፣ ባቲ ሐኪም ቤት አድርስልን» አሉት።

«አባቴ፣ መኪናው ታሟል። መካኒክ እየጠበቅሁ ነው።»

እማማ ጦይባ ከቃሬዛው ቀና አሉ። «መካኒክህ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ምናልባት ማታ።»

«እሷ ማታን አታይም» አሉ ጦይባ፤ መዲና እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አጥናፉ ሴትዮዋን አያት። ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ጨፍና የቃሬዛውን እንጨት ይዛለች። ኋላ ሲነግረኝ፣ «አንድም ሰከንድ አላመነታሁም፤ ይህን እወቅልኝ» ብሎኛል። «ግቡ» አላቸው። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ አስተኟት፤ ጦይባና እንድሪስ አጠገቧ ተቀመጡ። አደምና ሁለቱ ጎረቤቶች ቃሬዛውን ይዘው ማዳበሪያው ላይ ወጡ።

ሼህ ሙሄ ግን አልተንቀሳቀሱም። በወጣትነታቸው በዚያው መንገድ ሥራ ላይ ለዓመታት ውለዋል፤ ስንት መኪና ዳገቱ ላይ ሲቀር አይተዋል። ተሳቢው ከመኪናው የተያያዘበትን ብረት በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት።

«ይህን እዚህ ተወው።»

«ምኑን?»

«ተሳቢውን ነዋ። ለታመመ መኪና ይከብደዋል። ፈትተህ ሂድ፤ እኛ እንጠብቅልሃለን። ወላሂ አንድ ከረጢት አይጎድልም።»

መጋጠሚያውን የያዘውን ፒን ነቅሎ የአየር ቱቦዎቹን ማላቀቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አጥናፉ ይህን ያውቃል። ግን ሽማግሌውን ዛሬ ገና ማየቱ ነው። ረዳቱም አጠገቡ የለም። ስምንቱ ወር ከነግድግዳው፣ ከነሽታው መጣበት።

«አባቴ፣ አይሆንም። የመንግሥት ዕቃ ነው፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ከያዝኩት ይወጣል።»

«ባይወጣስ?»

«ይወጣል አልኩ እኮ።»

ሼህ ሙሄ ወደ እንድሪስ ተመለከቱ፤ አንድ ቃል ይናገር እንደ ሆነ። እንድሪስ መኪና ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ በሰው መኪና ምን ብሎ ይዘዝ? ራሱን አቀረቀረ። ሽማግሌው መንገዱን ለቀቁ።

ሜዳውን ደኅና ሄዱ። አጥናፉ ፉጨቱን እያዳመጠ፣ እግሩን ነዳጁ ላይ እያሳረፈና እያነሣ ነዳ። መዲና ስታቃስት ጦይባ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ደረስን» ይሏታል። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ማርሽ አወረደ። መኪናው ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት መጎተት ጀመረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፉ። ሁለተኛውንም አለፉ። በመስታወት ሲያይ ተሳቢው በሰማያዊ ጭስ ተውጧል። ፉጨቱ አሁን ጩኸት ሆኗል።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከሞተሩ ውስጥ የብረት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ሄደ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲስበው አጥናፉ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ቆመ። ሞተሩ ግን ሳይነካ በራሱ መጮህ ጀመረ፤ ከተሰበረው ቱርቦ የሚፈስሰውን የገዛ ዘይቱን እንደ ናፍጣ እየጠጣ። ቁልፉን አጠፋው፤ አልጠፋም። ጩኸቱ እየጨመረ ጋቢናው በጭስ ሞላ። አጥናፉ በሙሉ ክብደቱ ፍሬኑ ላይ ቆሞ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናው አንዴ ተንዘፈዘፈና ሞተሩ ታንቆ ዝም አለ።

እነአደም ዘለው ወርደው ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ ከመሩ።

«ምን ሆነ?» አለ እንድሪስ።

አጥናፉ ሮጦ ወረደና ወደ ተሳቢው መጋጠሚያ ሄደ። ፒኑን ያዘው። አሁን ሊፈታው ነበር። እጁ ፒኑ ላይ እንዳለ ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት አየ፤ የሚፈታለት መኪና እንደሌለ ያኔ ገባው።

መዲናን አውጥተው ቃሬዛው ላይ መለሷት። ቀትር ሊሆን ነው፤ ድንጋዩ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እንድሪስና ሁለቱ ጎረቤቶች ሦስቱን ጫፍ ያዙ። አደም አራተኛውን ሊይዝ ሲል አጥናፉ ቀድሞ ያዘው። ያዘና ግን ቆመ። ዞሮ ወደ መኪናው አየ።

«ሲናገሩት የሚቀል ነገር አለ» አለኝ ይህን ሲያወራኝ። «ይኼ ግን አይደለም። እሷ እያቃሰተች እኔ ዞሬ ማዳበሪያ አየሁ።»

አደም አየው፤ ገባውም። «ሂድ ወንድሜ» አለው። «እኔ እጠብቀዋለሁ። አንተ እስክትመጣ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ዳገቱን በእግር ወጡ። ቦታ እየተቀያየሩ፣ ትከሻ እየለወጡ ሄዱ። ጦይባ የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ እየነከሩ ከንፈሯን ያርሱላታል። አንድ ቦታ ላይ አጥናፉ ተደናቀፈና በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛው ተንገጫገጨ። «ይቅር በይኝ እኅቴ» አለ። መዲና ዓይኗን ገለጠች። ማን እንደ ሆነ ያወቀች አይመስልም። «አብሽር» አለችው፤ ማጽናናት የሚያስፈልገው እሱ እንደ ሆነ ሁሉ እሷ አጽናናችው። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም።

ሁለት ሰዓት ከሄዱ በኋላ ከላይ የሚመጣ አንድ ፒክአፕ አገኙ። ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ መኪናውን አዞረ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሕፃኗ በቀዶ ጥገና ወጣች፤ በሕይወት ነበረች። መዲና ግን ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

አጥናፉ በረንዳው ላይ ነርሷን አስቁሞ፣ «ቀድመን ብንደርስ ኖሮ?» አላት። ነርሷ የዘይትና የደም እድፍ ያለበትን ሸሚዙን አየች።

«እሱን አትጠይቀኝ» ብላ ገባች።

አስከሬኑን ወደ ሐሮ ሜዳ የሚያወርድ መኪና አልተገኘም። በዚያው ምሽት ባቲ ቀበሯት። እንድሪስ ወንድሙ ሳይኖር ሚስቱን አፈር አለበሰ።

በማግስቱ ጠዋት አጥናፉ ከፈንታሁንና ከመካኒኩ ጋር ወደ ታች ወረደ። መኪናው እንደ ቆመ ነው። አደም ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሲያያቸው ፈገግ ብሎ ተነሣ።

«ምን ወለደች?»

«ሴት» አለ አጥናፉ።

«አልሐምዱሊላህ! እሷስ? በረታች?»

አጥናፉ ቆቡን አወለቀ። አደም ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ተቀበረች?»

«ትናንት ማታ።»

አደም ከዚያ በአገጩ ወደ ተሳቢው አመለከተ። «ጭነትህ እንዳለ ነው» አለ። «ሸራውንም ነፋስ ገልቦት ነበር፤ መልሼ አሥሬዋለሁ።»

መካኒኩ የሆነውን ሁሉ አያውቅም ነበር። ቱርቦውን ፈትቶ የተሰባበረውን ብረት እያየ፣ «በዚህ ዕቃ ተሳቢ ጎትተህ እዚህ መድረስህም ተአምር ነው» አለ። «ያለ ተሳቢ ብትነዳው እኮ እያነከሰም ቢሆን ባቲ ያደርስህ ነበር።» ፈንታሁን ክንዱን ሲይዘው ነው ዝም ያለው።

ማዳበሪያው አንድ ከረጢት ሳይጎድል ለመጋዘኑ ገባ። ተረካቢው አጥናፉን አመሰገነው። አጥናፉ ከግቢው ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ሐሮ ሜዳ ለቅሶ ሄደ። ወሬው በመስመሩ ተሰምቶ ኖሮ ሌሎች ሹፌሮችም መኪናቸውን ዳር አቁመው መጥተዋል። አጥናፉ ዱላ ወይም እርግማን ጠብቆ ነበር። እንድሪስ ግን ተነሥቶ ከራሱ አጠገብ ቦታ ለቀቀለት። ጦይባ ሕፃኗን ታቅፈው የፍየል ወተት በጠብታ ይመግቧታል። አጥናፉ መቀመጥ አልቻለም። ሼህ ሙሄ ፊት ሄዶ ቆመ።

«አባቴ፣ ይፍረዱብኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «እኔ ምን ብዬ ልፍረድ? ተሳቢውን ፈትተህም ብትሄድ መዲና ልትሞት ትችል ነበር። ላትሞትም ትችል ነበር። የትኛው እንደ ሆነ አላህ እንጂ ሰው አይነግርህም። ይህን ሳታውቅ ትኖራለህ፤ ከዚህ የበለጠ ፍርድ እኔ ጋ የለም። ተቀመጥ፣ እህል ቅመስ።»

ሊመሽ ሲል ሹፌሮቹ ለመሄድ ተነሡ፤ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌው ዱዓ አድርገው እንዲሸኟቸው ጠየቁ። ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። መንገዳቸው የቀና እንዲሆን፣ ያለ እናት ለቀረችው ሕፃን ዕድሜ እንዲሰጣት፣ ለአጥናፉም እንቅልፍ እንዲመልስለት ለመኑ። አሚን ከተባለ በኋላ ግን እጃቸውን ወዲያው አላጠፉም፤ መንገድ ዳር የተደረደሩትን መኪኖች፣ ከየኋላቸው የተቀጠሉትን ተሳቢዎች ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እያዩ ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ነፍስ የጫነ ተሳቢውን ይፍታ።»