ደመና የጋረደው የአስር ተራ

ሶላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይሁንና፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ውሃና ስለ ሐቅ ነው። በቀድሞው ዘመን ዝናብ የሚሰስትባት አንዲት የቆላ ከተማ ነበረች። አባቶቿ በሁለት ኮረብታዎች መሀል ያለውን ሸለቆ በድንጋይ ገድበው የክረምቱን ጎርፍ ያጠራቅሙ ነበር። በበጋ ውሃው በግድቡ በር ወጥቶ በዋናው ቦይ ይወርድና ወደየማሳው በሚገቡ ትንንሽ ቦዮች ይከፋፈላል። የሚያከፋፍሉት ሰው «የውሃ አባት» ይባላሉ። በዚያ ዘመን የውሃ አባት የነበሩት ሸህ ጣሃ ናቸው፤ በመስጊድ ለተማሪዎች ኪታብ ያስቀራሉ፣ በበቆሎ ማሳቸው ይተዳደራሉ።

ሰዓት የሚባል ነገር ስላልነበረ ተራ የሚለካው በሶላት ጥሪው፣ በአዛን ነበር። የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ የአንዱ ቦይ ይዘጋል፣ የሌላው ይከፈታል፤ በተሲያቱ አስርና በፀሐይ መጥለቂያው መግሪብም እንዲሁ። አዛን ከተባለ ክርክር የለም። በውሃ የተነሳ ደም መፋሰስ የቀረው በዚህ ሥርዓት ነው ይባላል።

አንድ ዓመት ግድቡ ከወትሮው ቀድሞ ጎደለ። ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ተራ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው ለሰውና ለከብት መጠጫ እንዲሆን የግድቡ በር ሊዘጋ ተወሰነ። በመጨረሻው ቀን ከዙህር እስከ አስር የሸህ ጣሃ ተራ ነበር። ከአስር እስከ መግሪብ ደግሞ ከሳቸው ማሳ ግርጌ የምታርሰው የሙንተሃ ነው። ሙንተሃ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በአንዲት የበርበሬ ማሳ የምታሳድግ ሴት ናት። በርበሬው አበባ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ውሃ ካላገኘ አለቀለት።

ከዙህር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ግን ጠብ አላለም፤ የቆላ ደመና እንዲህ ነው፣ አጓጉቶ ይሄዳል። የአስር ወቅት የሚታወቀው በጥላ ርዝመት ነው፤ ጥላ ስለጠፋ አዛን ባዩ ሙአዚን ወቅቱን በግምት ጠበቀ፣ አዛኑም ዘገየ። ሙንተሃ ቦይዋን ከፍታ ብዙም ሳትቆይ ደመናው ተገፎ ፀሐይ ስትጠልቅ ታየች፤ የመግሪብ አዛን ተባለ፣ የግድቡም በር ተዘጋ። ውሃው ከማሳዋ እኩሌታ እንኳ አልደረሰም ነበር። «የአላህ ቀደር ነው» ብላ ዶማዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ሸህ ጣሃ ከሶላት ሲመለሱ ማሳቸውን አዩት። በአንድ ተራ ውሃው የሚደርሰው ቢበዛ ከመካከለኛው እርከን ጥቂት አልፎ ነው። ያን ቀን ግን የታችኛውም እርከን ሞልቶ ውሃው ተንጣሎ ተኝቷል። ዶማ አንስተው ውሃውን የያዘውን የግርጌውን ክትር ይንዱ ጀመር።

ጎረቤታቸው ሐጂ ሙሄ ሮጠው መጡ።

«ሸህ ጣሃ፣ ምን ነካዎት? በቆሎዎን ሊያደርቁት ነው?»

«ውሃው የሙንተሃ ነው።»

«አዛኑ እስኪባል የእርስዎ ነበር! እርስዎ አልሰረቁም፣ ሙአዚኑም አልዋሸም። ዛሬ አዛኑ ተሳስቷል ካልን ነገ ማን ይታዘዘዋል? በየተራው ልንፋለጥ እኮ ነው።»

ሐጂ ሙሄ እውነታቸውን ነበር፤ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

«አዛኑን አልከሰስኩም፤ የከሰስኩት ማሳዬን ነው» አሉ ሸህ ጣሃ።

«እሺ፣ ትርፉን ብቻ ይልቀቁ።»

«ትርፉ የት ላይ እንደሚያበቃ አላውቅም። ካላወቅሁ የኔ ይጉደል።»

ሙንተሃ ተጠርታ መጣች። «ሸኻችን፣ ሰደቃ ከሆነ ከኔ የባሰ አለ» አለች።

«ሰደቃ ከራስ ነው የሚሰጠው። ይህ ያንቺው ነው፤ ቦይሽን አስተካክይ» አሏት።

በዚያ ዓመት በርበሬው ደርሶ ቀላ። የሸህ ጣሃ የታችኛው እርከን በቆሎ አገዳ ብቻ ሆኖ ለከብት ታጨደ። በአጨዳው ቀን ሐጂ ሙሄ አላስቻላቸውም፤ «አላህ የሰጠዎትን ሪዝቅ፣ ሲሳይዎን፣ በገዛ እጅዎ አፈሰሱት» አሉ።

ሸህ ጣሃ አገዳውን እያሰሩ፣ «ከሰማይ ቢወርድ ሪዝቄ ነው እል ነበር፤ ይህ ግን በቦይ ነው የመጣው» አሉ።

ወገኖቼ፣ ዝናብ ተራ የለውም፤ አላህ በወደደው ማሳ ላይ ያወርደዋል። በቦይ የሚመጣን ውሃ ግን ከኛ ቀጥሎ የሚጠብቀው ሰው አለ። አብዛኞቻችን ሌቦች አይደለንም። ነገር ግን ሚዛን ተሳስቶ ወደኛ ሲያጋድል፣ ጎርፍ የጎረቤትን ድንበር ወደኛ ሲገፋ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሪዝቅ ነው» ለማለት የሚቀድመን የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ የሰው ሐቅ ላይ የአላህን ስም እንለጥፋለን። ማመስገንስ እናመስግን፤ በቅድሚያ ግን እስቲ ግርጌ ወርደን ማን እንደደረቀ እንይ።