ቋሚውን ገልብጦ የተከለው ጅብ

አንድ ጊዜ አህያና ጅብ በአንድ መስክ ተጣሉ። መስኩ ለምለም ነው፤ ዳሩን ይዞ ምንጭ ይወርዳል። አህያ «ቀለቤ ነው» አለች። ጅብ ሣር አይበላም። ሣር የሚበላ ሁሉ ግን እዚያ ስለሚመጣ መስኩን ፈለገው።

ተያይዘው አንበሳ ዘንድ ቀረቡ። አንበሳ ምሳውን በልቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ነበርና ነገር አላበዛም።

«ሁለታችሁም ቤት ሥሩበት» አለ። «ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ እመጣለሁ። ቤቱ ቆሞ የቆየለት መስኩን ይወስዳል፤ የወደቀበት አገር ይልቀቅ። እስከዚያ አንዱ አንዱን እንዳይነካ።»

አህያ አንገቷን ደፍታ ቀበሮ ቤት ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ አለቀልኝ» አለች። «ያምናውን ቤቴን ምስጥ በልቶት በአንድ ክረምት ነው የወደቀው። ከዚህ ከወጣሁ የት እገባለሁ? ጫካው እንደሆነ የጅብ ዘመድ ሞልቶበታል።»

«ቋሚውን እንዴት አድርገሽ ነበር የተከልሽው?»

«ቆረጥኩ፣ ተከልኩ።»

«ከነልጡ?»

«ከነልጡ።»

«እርጥቡን?»

«እርጥቡን።»

«እንግዲያ ቤት አልሠራሽም» አለች ቀበሮ፤ «ለምስጥ ድግስ ነው የደገስሽው።»

በጋ ነበር። ቀበሮ ባሕር ዛፍ አስቆረጠቻት፤ ልጡንም አስላጠቻት። ጥላ ሥር አጋድመው እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ መሬት የሚገባውን ጫፍ፣ እግሩን ማለት ነው፣ እሳት ላይ እያገላበጡ ላዩ ከሰል እስኪመስል ለበለቡት። ገና ትኩስ እንዳለ የጉሎ ዘይት ቀቡት። እንጨቱ ዘይቱን ምጥጥ አድርጎ ጠጣው።

አህያ የጠቆረውን እግር አየችና «ይህ ሁሉ ልፋት አፈር ሊለብስ?» አለች። «ማን ያየዋል?»

«ምስጥ ያየዋል። እርጥበት ያየዋል። ሌላ ማን እንዲያይልሽ ፈለግሽ?»

አህያ ወደ ምንጩ ወርዳ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ ከቋሚዎቹ ግማሹ የለም።

የወሰደው ጅብ ነው። አንበሳ አህያዋን አትንካ አለ እንጂ እንጨቷን አላለም ብሎ ነው የወሰደው። ተሸክሞ ሲሄድ ቀበሮ መንገድ ላይ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ሸክሙ እንዴት ይዞሃል?»

«ከብዶኛል። ይኼ የጠቆረው ደግሞ ቅባት ቅባት ሲሸተኝ ትንሽ ላስኩት፤ ሆዴን ገለበጠው።» ቋሚዎቹን ዘርግፎ ቁጭ አለ። «ለመሆኑ የትኛው ጫፍ ነው ወደ ታች የሚገባው?»

ቀበሮ የጠቆረውን ጫፍ አየት አደረገች። «ሴቶች ኩል የሚኳሉት ምናቸውን ነው?» አለችው። «ዓይናቸውን ነው ወይስ ተረከዛቸውን?»

ጅብ አሰበ። አሳቡም ረዘመ።

«ዓይናቸውን» አለ።

«አንተ ታዲያ ይህን የመሰለ ኩል አፈር ልታለብሰው ነው?»

«አህያዋ እኮ ልትቀብረው ነበር» አለ ጅብ፣ በጣም እየሳቀ። «ምን ዓይነት ደደብ ናት።»

ሄዶ ጥቁሩን ወደ ላይ፣ ነጩን ወደ ታች አድርጎ ተከለ። በላዩ ሣር ከደነበት። ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር።

አህያ ለቅሶ ጀመረች። «በገዛ እንጨቴ ሊያስወጣኝ ነው።»

«ገልብጦ ነው የተከለው፤ ተይው» አለች ቀበሮ። «ይልቅ ዝናቡ ሳይመጣ የጎደለውን ለብልቢ።»

አህያ እንደገና ቆረጠች፣ ላጠች፣ አደረቀች፣ ለበለበች፣ ቀባች። ጫንቃዋ ተላጠ። ቤቷ ሲያልቅ ጅብ ሊያይ መጣ።

«አንቺ፣ የኔን አይተሻል? ያንቺ እኮ ኩል እንኳ የለውም።»

«አለው፣ አያ ጅቦ። ከታች ነው።»

«ከታች ያለ ነገር ምን ይረባል?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

የመጀመሪያው ክረምት አለፈ፤ ሁለቱም ቤት ቆመ። ጅብ ደረቱን ነፋ። ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን ቤቱ ወደ ጎን ዘመም አለ። ጅብ አንዱን ቋሚ ገፋ ቢያደርገው እግሩ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለው ጥቁር ጫፍ ግን ምንም አልሆነም፤ ዓይኑ እንደተኳለ ነው።

መስከረም ጠባና አንበሳ መጣ። የአህያን ቤት በትከሻው ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። በጥፍሩ የቋሚውን ሥር ጫር ጫር አደረገ፤ እንደገባ አለ። ቀጥሎ ወደ ጅብ ቤት ሄደ። የጅብም ቤት ቆሟል። ጅብ ከውስጥ ነው።

«ጅቦ፣ ወጥተህ እጅ አትነሳም?»

«ከዚሁ ሆኜ እነሳለሁ፣ ጌታዬ።»

«ምነው?»

«ቤቴን እወደዋለሁ።»

አንበሳ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ጅብ ጣሪያውን በጀርባው ደግፎ፣ አራት እግሩን አንፈራጥጦ ቆሟል። እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ ቤቱ ቆሟል» አለ አንበሳ። «የሁለታችሁም ከቆመ ምን ልፍረድ? መስኩን አካፍላችኋለሁ።»

አህያ ከጅብ ጋር በአንድ መስክ ማደር ታያትና ወደ ኋላ ሸሸች።

ይሄኔ ቀበሮ ከአንበሳ ምሳ የተረፈ ትልቅ አጥንት ይዛ መጣች። ከጅብ ደጃፍ ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠችው።

«ቤት ለእንቦሳ፣ አያ ጅቦ።»

«እንቦሳ እሰሩ» አለ ጅብ በጥርሱ መሃል።

አጥንቱን አየ። ጣሪያውን አየ። እንደገና አጥንቱን አየ። ከዚያ ዘለለ።

ቤቱ ከኋላው ዷ ብሎ ወደቀ። አቧራው ሲበርድ ጅብ ራሱ ላይ ሣር ለብሶ፣ አጥንቱን ነክሶ ተቀምጧል። አንበሳ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ለካ ቋሚው አንተ ነበርክ?»

«አዎ ጌታዬ» አለ ጅብ፣ አጥንቱን ሳይለቅ። «ከሁሉም ጠንካራው።»

የዚያኑ ዕለት አጥንቱን እየቆረጠመ አገር ለቀቀ። አህያም መስኩ መሃል ገብታ በጀርባዋ ተንከባለለች፤ ስታናፋም ድምፅዋ እስከ ማዶ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው ቤትን የሚያቆመው ሰው እንዲያየው ላዩ ላይ የተደረገው ጌጥ ሳይሆን፣ አፈር ሳይለብስ በፊት ለእግሩ የተለፋለት ልፋት መሆኑን ነው።