ስንዱ የለወጠችው እሬት

እኛ ግቢ፣ ሰው በሰው ነገር ሲቃጠል ያየ ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚተርታት አንዲት ተረት አለች። እንግዳ ሲሰማት ይስቃል እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቅም። የመጣችው እኮ ከስንዱ በረንዳ ነው!

ስንዱ ከሟች እናቷ የቀረላት እሬት ነበራት፤ በወተት ጣሳ የተተከለ፣ ቅጠሉ ቅጥን ያለ። የጎረቤቷ የዘርፌ እሬት ደሞ፣ ወይ ማማር! ቅጠሉ እንደ ሕፃን ክንድ ድብልብል ያለ። ግቢ ውስጥ እሳት የነካው ሁሉ «ዘርፍዬ፣ አንድ ቅጠል!» እያለ ወደሷ ነው የሚሮጠው። ስንዱ በመጋረጃ ቀዳዳ እያየች እርር ትላለች። ይሄንንስ ችላው ነበር። አንድ ቀን ግን ባሏ ሙላቱ መጥበሻ እጁን ቢያቃጥለው፣ የገዛ ቤቱን ጣሳ ተራምዶ የዘርፌን በር አያንኳኳም መሰላችሁ!

ከዚያ ወዲያ ስንዱ እህል አልወርድ አላት። ሳምንት ሳይሞላ፣ ዘርፌ እሬቷን ወደ ትልቅ ሸክላ ልታዛውር አፈር ስታዘጋጅ ደረሰችባት።

«ዘርፌ፣ እንለዋወጥ። የኔን ውሰጂ፣ ያንቺን ስጪኝ።»

«የእናትሽን? አበድሽ እንዴ?»

«እናቴ ለኔ ነው የተወችው፤ ምን አገባሽ?»

ዘርፌ ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ነቅለን ሥሩን እንየው። ሰሞኑን ከታች ለስለስ ብሎብኛል፣ አፈሩም ይሸተኛል። ውሃ አብዝቼበት ይሆናል። የበሰበሰ ካለ ተቆርጦ፣ ሁለት ሦስት ቀን ደረቅ ብሎ ነው የሚተከለው።»

ስንዱ በሆዷ፣ አሃ፣ ሰሰተች! አለች። «መስጠት ካልፈለግሽ በሥር አታሳብቢ!» ብላ እሬቱን አቅፋ ወጣች። ሳትነቅል፣ ሳታይ፣ ከነአፈሩ አዲስ ሸክላ ውስጥ ዶለችው። ዘርፌ ጋ ከነበረው እንዲበልጥ ብላ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ጆግ ውሃ ታንቆረቁርበታለች፤ ያቆመችውም ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ደረጃ ላይ ነው።

ዘርፌ በበኩሏ ጣሳውን ገልብጣ የእናትየውን እሬት ሥር አየች።

«ስንዱ፣ ነይ እይው! ሥሩ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ ቦታ ጠብቦት ነው እንጂ!»

«ልታበግነኝ እኮ ነው» አለች ስንዱ፣ በሯን ጓ አድርጋ ዘግታ።

በወሩ የግቢያችን እማማ ጦይባ ዘይት እጃቸው ላይ ፈሶ እየተንሰፈሰፉ መጡ። ስንዱ እንደዚያን ቀን ሮጣ አታውቅም።

«ወደኔ ይምጡ እማማ! አሁን እሬቱ እኔ ጋ ነው!»

ትልቁን ቅጠል ይዛ ሳብ ብታደርገው፣ እሬቱ እንዳለ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሥር የለው፣ ምን የለው! ከታቹ ጥቁር ልጋግ መሳይ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ደሞ አፍንጫ ያስይዛል።

ዘርፌ ከራሷ በረንዳ አንድ ሞላ ያለ ቅጠል ቆርጣ እማማ እጅ ላይ ለጠፈች። ያ የጣሳው እሬት ነበር፤ በትልቁ ሸክላ ሥሩን ዘርግቶ ወፍሯል። ስንዱ የእናቷን እሬት አወቀችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እማማ ጦይባ እጃቸው ቀዝቀዝ ሲልላቸው፣ አንዴ ስንዱ የያዘችውን ብስባሽ፣ አንዴ እሷን አዩና፣ «አይ ልጄ! በቅጠሉ የቀና፣ በሥሩ ያፍራል» አሉ።