በሽመና ጉድጓድ የተደበቀው ባለ ዕዳ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። አንተ በር ላይ ያለኸው ግባና ዝጋው፤ ብርዱ ገባ።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ በሚይዝበት ዘመን፣ ይርዳው የሚባል አንድ ሸማኔ ነበር። ይርዳው እጁ ፈጣን፣ ልቡ ግን ፈሪ ነበር። ሚስቱ ስንዱ ደግሞ ንግግሯ ጥቂት፣ ልቧ ጠንካራ ነበረች። ዓለሚቱ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው።

በዚያው መንደር ደባልቄ የሚባል ባለጸጋ ይኖር ነበር። ደባልቄ ያበድራል፣ ያበደረውን አይረሳም፣ ማንንም ሰው አያምንም። እንቅልፉን እንኳ የሰው ዕዳ እየቆጠረ ነው የሚተኛው ይሉታል። እኔ አላየሁም፤ የሚሉትን ነው የምነግራችሁ።

ይርዳው የጥጥ መግዣ ቢያጣ ከደባልቄ ዘጠኝ ብር ተበደረ። ሦስቱን ለኅዳር ሚካኤል፣ ሦስቱን ለገና፣ ሦስቱን ለፋሲካ ሊከፍል ተስማማ። መያዣው ጓሮው ነበር። ያ ጓሮ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ከደባልቄ ማሳ ጋር የሚዋሰን ጓሮ ነው። ደባልቄ ዘጠኙን ብር ቆጥሮ ሲሰጥ ዓይኑ ብሩ ላይ አልነበረም፤ ጓሮው ላይ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ይርዳው ሦስቱን ብር ከፈለ። ለገናም ሦስት ብር አስቀመጠ። ነገር ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ነፋስ ተነሳና የቤቱን ጣሪያ ገፎ ወሰደው። ጣሪያ በሌለው ቤት ደግሞ ሽመና የለም። ለሳርና ለወጋግራ ሁለት ብር ሄደ። አንድ ብር ቀረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ደባልቄ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ ትሉ ይሆናል። እሳት ዳር ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ስንዱም ያንኑ ነበር ያለችው።

«ሂድና ንገረው» አለችው። «ጣሪያችን ሲሄድ አገር ሁሉ አይቷል። ውሸታም አይልህም።»

«ነገ» አለ ይርዳው።

በማግስቱም ነገ አለ፤ በማግስቱም ነገ አለ፤ ነገ ነገ ሲል ገና ደረሰ።

የገና ማግስት ደባልቄ መጣ። ይርዳው በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ወንዝ ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ደባልቄ መጣ። ይርዳው ከማድጋው ጀርባ ሆኖ ስንዱን «ገበያ ሄዷል በይልኝ» አላት፤ እሷም እያፈረች አለችለት። በአምስተኛው ቀን ደባልቄ መጣ፤ በዚህኛው ግን ሳይጣራ ገባ። ይርዳው መውጫ ሲያጣ የት የገባ መሰላችሁ? ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድ አለ አይደል? እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ገባና ከላዩ ጋቢ ጣለ።

አትሳቁ። የጨነቀው ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ደባልቄ ቤቱን ዞረ። አልጋውን አየ፣ ማድጋውን አየ፣ ጋቢውን አየ። ጋቢው ይተነፍሳል።

«ውጣ» አለው።

እየነዳ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ወደ አባ ወሰኔ ወሰደው። አባ ወሰኔ መንደሩን የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው።

«የገናውን ከፍለሃል?» አሉት።

«አልከፈልኩም።»

«የቸገረህን ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«ተደብቀህበታል?»

«ተደብቄበታለሁ።»

«ቁራኛ ይታሰርልኝ» አለ ደባልቄ።

ቁራኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ባለ ገንዘቡና ባለ ዕዳው በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይተኛል፤ አንዱ ውጭ ሲወጣ ሌላው ተከትሎ ይወጣል። የደባልቄ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ሸማኔ በአንድ እጁ አይሠራም፤ ካልሠራ አይከፍልም፤ ካልከፈለ ጓሮውን ይለቃል። እስከ ማታ ታስሮ ቢውል ይርዳው ይሰለቸውና ጓሮውን ይለቃል ብሎ ነበር።

አባ ወሰኔ የደባልቄን ግራ እጅና የይርዳውን ቀኝ እጅ አሰሩ፤ ቆለፉም። ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጠሩና በቅሏቸው ላይ ወጡ።

«አገረ ገዢው ጠርተውኛል» አሉ። «በሦስተኛው ቀን ስመለስ እንነጋገራለን።»

ደባልቄ ይህን አላሰበም። አፉን ሳይከፍት በቅሎዋ ኮረብታውን ዞረች።

ደንቡ ባለ ዕዳው ቤት መቀመጥ ነውና ሁለቱ ወደ ይርዳው ቤት ሄዱ። ሲገቡ ስንዱ ዓለሚቱን ታቅፋለች። ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ስንዱ የቀረችውን አንድ ብር ከመቀነቷ ፈታች።

«መድኃኒተኛው ዘንድ መሄዴ ነው» አለች። «ብር ካላየ ከቤቱ አይወጣም።»

ደባልቄ በነጻው እጁ ብሩን ከመዳፏ አነሳ።

«ይህቺ የገና ብር ናት» አለ። «ቀኗ ያለፈ።»

ስንዱ ባሏን አየችው። ይርዳው ግን የተደበቀ ሰው ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ ብሎ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። በዚያች ሰዓት ራሱን እንደጠላ ማንንም ጠልቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን ዓለሚቱ ባሰባት። ይርዳው ሲጠራት አላወቀችውም። ስንዱ ጨርቅ እያረጠበች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፤ ጨርቁ ወዲያው ይደርቃል። ደባልቄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ብሩን ግን ከመቀነቱ አላወጣም።

እኩለ ቀን ሲሆን ቤቱ ጨለመ። ያለ ወሩ፣ በጥር፣ ደመና ሰማዩን ሞላው። ደባልቄ ከመቀመጫው ተፈናጠረ። የዓመት ጤፉ አውድማ ላይ ተዘርግቷል። ሎሌዎቹ አሉ፤ ነገር ግን ስለማያምናቸው «እኔ ሳልኖር አንዲት ነዶ የነካ ወዮለት» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። እሱ ካልደረሰ ቆመው ከማየት በቀር ምንም አያደርጉም።

«ተነስ፤ ወደ አውድማ» አለና ሰንሰለቱን ሳበ።

ይርዳው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ደባልቄ ሳበው፤ አልተነሳም። ዕድሜውን ሙሉ ሽመና የረገጠ እግሩን ምሰሶው ላይ ተክሎ ቁጭ አለ።

«አንድ ብር እቀንስልሃለሁ» አለ ደባልቄ።

ይርዳው አልተነሳም።

«ሁለት ብር እቀንስልሃለሁ።»

ይርዳው አልተነሳም።

«የገናውን ሦስቱንም ተውኩልህ። ተነስ አልኩህ።»

ነጎድጓዱ ከማዶ ተሰማ። ሦስት ብር ማለት ለይርዳው ከአንድ ወር በላይ ልፋት ነው። ከዚያ ልጁን አየ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ፈሪ ሰው ለዚህች ልጅ ከእንግዲህ አይበቃም አለ በሆዱ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ምንም አይቀንሱልኝ። ያለብኝን እከፍላለሁ። ያቺን ብር ብቻ ለስንዱ ይመልሱላት። እሷ ወደ መድኃኒተኛው ትሩጥ፣ ልጅቷን ጎረቤት ትይዝልናለች፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ወደ አውድማ እሮጣለሁ። ብሯን ደግሞ እንዳልተከፈለች ይቁጠሯት፤ ስድስቱ ብር እንዳለ ነው።»

ደባልቄ ሰማዩን አየ። ብሩን ነካ። ሰማዩን አየ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ደጃፉ ላይ ስትወድቅ መቀነቱን ፈታና ብሩን ለስንዱ ወረወረላት።

ስንዱ ብሩን ከአየር ቀልባ፣ ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥታ ወጣች። ሁለቱ ሰዎችም ሮጡ፤ አንዱ ሲሰናከል ሌላው እየወደቀ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተነሳ። አውድማው ሲደርሱ ሎሌዎቹ እንደታዘዙት ቆመው ያያሉ። ሁለቱ በታሰሩት እጆቻቸው ቁርበት ጎተቱ፣ ነዶ ከመሩ፣ ገለባ አለበሱ። ግማሹ ጤፍ ተረፈ፤ ግማሹ ረጠበና በቀለ።

መድኃኒተኛው ብሩን አይቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓለሚቱ ዓይኗን ገልጣ «ውሃ» አለች። ስንዱ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ ያኔ አለቀሰች።

አባ ወሰኔ ተመለሱ። የሆነውን ሁሉ ሰሙና ወደ ደባልቄ ዞሩ።

«ብሯን ወስደሃት ነበር?»

«ወስጃት ነበር።»

«ቀኗ ያለፈ ነበር?»

«ያለፈ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መለስክ?»

«ዝናብ መጣብኛ» አለ ደባልቄ።

«እሱስ ነፋስ አልመጣበትም?»

አባ ወሰኔ ሰንሰለቱን ፈቱ።

«የቀረው ስድስት ብር ነው» አሉ። «በየቅዳሜው ከገበያ መልስ አንድ አላድ፣ ግማሽ ብር ይክፈልህ። ጓሮው ከመያዣነት ወጥቷል። ይርዳው፣ አንተ ደግሞ ስማኝ። ጓሮህን ሊያስወስድብህ የነበረው ነፋሱ አይደለም፤ መደበቅህ ነው። በሌለህ ቅዳሜም ቢሆን ደጁ ድረስ ሄደህ የለኝም በለው።»

ይርዳው ሦስት ቅዳሜ ከፈለ። በአራተኛው ሳምንት የተሸመነው ሸማ የሚጠቀለልበት እንጨት፣ መጠቅለያው፣ ተሰበረና አላዱ ለአናጢ ሄደች። ባዶ እጁን ወደ ደባልቄ ደጅ ሄደ። ሦስት ጊዜ ሊመለስ አሰበ፣ በአራተኛው በሩን መታ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ የለኝም። መጠቅለያዬ ተሰብሮ አሠራሁት። ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።»

ደባልቄ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ቅዳሜ» አለና በሩን ዘጋ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ይርዳው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ ወንዝ የሮጠው፣ ሚስቱን ያስዋሸው፣ ጉድጓድ የገባው፣ ልጁን ሊያጣ የደረሰው ይህቺን አንዲት ቃል ፈርቶ ነበር። መሳቅም ማልቀስም አቃተው።

በአሥራ ሦስተኛው ቅዳሜ ዕዳው አለቀ።

እንግዲህ ልጆች፣ ዕዳ ያለበት ሰው ድንገተኛ ወጪ ቢመጣበት አይደበቅ፤ ቀኑ ሳይደርስ ሄዶ ይናገር፣ ማድረግ የሚችለውንም ቆርጦ ይንገር። አበዳሪም ዝናብ ለእሱም እንደሚዘንብ ይወቅ። ተረቱ እዚህ አለቀ። ከእናንተ መሃል የጎረቤት ዕቃ ሰብሮ የደበቀ ካለ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ሄዶ ይንገርና ይምጣ፤ በሩን እኔ እከፍትለታለሁ።