ዋጋ የማይጠራለት ኮፊያ

ዛሬ ስሟን የሚያስታውስ በሌለ አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከጁምዓው መስጂድ ጀርባ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሰዓዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ኮፊያ ትሠራለች። ነጭ ክር በኪሮሽ እየሳበች፣ ከአናቱ ጀምራ ዙሩን እያሰፋች፣ አንዱን በአምስት ቀን ትጨርሳለች። ሥራዋን ያየ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላታል። ከዚያ አልፎ ግን እጁ ኪሱ አይገባም።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበረ። ለሶላት የሚሆን ነገር ዋጋው አይጠራም። ገዢ «ስንት ነው?» ሲል ሠሪዋ «እንደ ኒያዎ» ትላለች፤ ገዢም ልቡ ያለውን አስቀምጦ ይሄዳል። ሲሰሙት ያምራል። ሰዓዳ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ኒያ ስታይ ኖራ አንጀቷ አሯል። በበቅሎ የሚሄድ ባለጸጋ ሳይቀር እሷ በር ላይ ሲደርስ ኒያው ይሟሽሻል። «ክር ነው እኮ» ይላታል። «ደግሞ ለሶላት ነው፣ አጅሩ አይቀርብሽም» ይላታል። አላህ የሚከፍላትን አጅር አልጠላችም። ልጇ ኑሪያ ግን እራት የምትጠይቀው እሷን ነው።

የዚያን ዓመት ረመዷን ሊያልቅ ሲል ሰዓዳ ቆረጠች። ሦስት ቀን በሚያስኬድ አገር አንድ ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ይፈልጋል አሉ፤ ኑሪያን አክስቷ ዘንድ ትታ ልትሄድ ነው። ልጅቷ ይህን ከሰማች ወዲህ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ነው የምትውለው።

ሸኽ ሙዘሚል የመጡት በዚህ መሐል ነው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በክንድ ሲለኩ ለገዢው እንደሚያደሉ አገር ያውቃል። በየዓመቱ ለዒድ ኮፊያ የሚወስዱት ከሰዓዳ ነበር። ከሌላው ሰው ጥቂት ጨመር አድርገው ስለሚሰጡም ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።

«የዒድ ኮፊያዬን ልውሰድ ብዬ ነው፣ ልጄ። ስንት ላስቀምጥ?»

ሰዓዳ ግን የለመደችውን «እንደ ኒያዎ» አላለችም። «አላውቅም፣ ሸኽዬ» አለች።

«እንዴት አታውቂም? የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። ዋጋ ጥሪ ያለኝ ሰው ግን የለም። ብጠራም በሶላት ኮፊያ ትነግዳለች እባላለሁ። እንግዲህ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ይንገሩኝ። ስንት ነው?»

ጨርቅ ቢሆን ዐይናቸውን ጨፍነው ይነግሯት ነበር። የኮፊያን ሥራ ግን አያውቁም፤ አለማወቃቸውም አናደዳቸው።

«የማላውቀውን እንዴት ልጥራ? በይ ኪሮሹን አምጪው፣ ሠርቼ ልየው» አሉ።

ሰዓዳ የሚያሾፉባት መሰላት። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው ደጃፏ ላይ ቁጭ አሉ። ከዙህር እስከ ዓስር ታገሉ። ክሩ ይጠማዘዛል፣ ኪሮሹ ያመልጣል፣ መንገደኛው ሰላምታውን እያስረዘመ ቆሞ ያያል። «አንድ ቋጠሮ ዘለዋል፤ ይተርትሩት» ትላቸዋለች። ይተረትራሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። በሦስተኛው ትርተራ ሸኹ ተቆጡ። «ለአንድ ቋጠሮ ምን ይሄን ያህል ያደርሳል?»

«ቢተዉት እኔ ግድ የለኝም። ጭንቅላት ላይ ግን አይቀመጥም» አለች ሰዓዳ። የእሷም ትዕግሥት አልቆ ነበር።

በማግሥቱም መጡ፤ በሠልስቱም መጡ። ከእጃቸው የወጣው መዳፍ የማታህል፣ ጫፏ የተጨማደደ ነገር ነበረች። ጣታቸው አብጧል፣ ወገባቸው አልዘረጋ ብሏል፣ ዐይናቸው ያነባል። ኪሮሹን አስቀምጠው ወደ ሰዓዳ ዞሩ።

«እስከ ዛሬ ስንት ኮፊያ ወስጄብሻለሁ?»

«ስድስት።»

«ስድስቱንም ጨምሬ የሰጠሁሽ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ሐቅሽን በልቻለሁ፣ ሰዓዳ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሽማግሌ አፍ ሰምታ አታውቅምና እንባዋ ቀደማት። «አውፍ ብያለሁ» አለች።

«እሱ አይበቃም። ዋጋውን አንቺው ጥሪ፣ ሰው እየሰማ።»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰዓዳ ቀሚሷን የያዘችውን ልጇን አየት አድርጋ ጠራች። የጠራችው ከለመዱት አራት እጥፍ ነው። ሸኹም ነጋዴ ናቸውና ግንባራቸው ትንሽ ቋጠር አለ፤ ቢሆንም ለዘንድሮው የዒድ ኮፊያ ከፈሉ፣ የስድስቱንም ጉድለት ሞሉ።

ከቆሙት መሐል አንድ ቅመም ሻጭ አልዋጥልህ አለው። «ለሶላት ኮፊያ ይህን ያህል? የኛ ኒያስ የት ሊገባ ነው?»

ሸኽ ሙዘሚል ወደ እሱ ዞሩ። «ኒያህ ለአላህ ነው፤ ዋጋው ግን የሠሪዋ ሐቅ ነው» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ዋጋ ይጠራ ጀመር፤ ሰዓዳም ከልጇ ሳትለይ ቀረች።

ጀመዓ፣ ይህ ሲነገር ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ስንወጣ ደግሞ ዳንቴልና ሹራብ ዘርግታ ከመንገድ ዳር የተቀመጠችውን እህት «ለአላህ ብለሽ ቀንሺ» እንላታለን። ባለመስታወቱ ሱቅ የለጠፈውን ዋጋ ግን ቃል ሳንተነፍስ ከፍለን እንወጣለን። እዚያ አላህን የማናነሳው ምነው? የሸኽ ሙዘሚል ፈተና የከበደው ክፉ ሰው ስላልነበሩ ነው። ክፉ ሰው የሰው ሐቅ ሲበላ ያውቀዋል፤ ደግ ሰው ግን ሐቅ በልቶ ሰደቃ የሰጠ ይመስለዋል። እሳቸው ባለሐቋን እዚሁ ዱንያ ላይ፣ በሯ ላይ አገኟት። እኛ ዛሬ አውፍ በሉን እንበል ብንል የስንቷን በር እናውቃለን?