የኮቺቶ ሻይ ለቅሶ

ሰው ያለውን ሁሉ ባንድ ነገር ላይ ሲያንጠለጥል ያዩ እንደሆነ፣ በእኛ የሻይ አገር ሽማግሎች የሚሏት አንዲት ነገር አለች። ከሜዳ የተገኘች አይደለችም፤ ያመጣት የአስር አለቃ ኮቺቶ ለቅሶ ነው።

ኮቺቶ ከውትድርና ተሰናብቶ ሲመለስ፣ ከአባቱ የወረሰው የሻይ ማሳ ለዓይኑ አስጠላው። ሻዩ ከፍሬ የበቀለ ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ አንዱ ቀድሞ ሲያቆጠቁጥ ሌላው ይለግማል፤ የአንዱ ቅጠል ሰፊ፣ የሌላው ቀጭን ነው።

«ይኼ የገበያ ግርግር እንጂ ማሳ አይደለም» ይል ነበር።

ከመሀል አንዲት ተክል ብቻ ልቡን አሸነፈችው። ለምለም ናት፤ ቅጠሏም ተለቅሞ አያልቅም። ከእርሷ ቅርንጫፍ እየቆረጠ አጸደቀና የአባቱን ሻይ ሁሉ ነቅሎ ማሳውን በእርሷ ልጆች ሞላው።

ሚስቱ ብርቄ፣ «ከድሮው ጥቂት ብንተው ምናለበት?» አለችው።

«ሰነፍ ከጎበዝ ጋር አይሰለፍም» አላት።

ተክሎቹ ሲያድጉ ጠዋት ጠዋት ከዘራውን በብብቱ ይዞ በመስመሮቹ መሀል ያልፋል፤ ወደ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ ካየ ይገሥጻል። አንድ ቀን ጎረቤቱን ደምሴን በአጥሩ ሥር ሲያልፍ አስቆመው።

«ባርኔጣህን አውልቅ እንጂ።»

«ለማን?»

«ለሻዩ።»

ደምሴ ጸብ ስለማይወድ አወለቀ።

ከዓመታት በኋላ አገሩን ቅጠል የሚያጠወልግ በሽታ መታው። በደምሴ ዝብርቅርቅ ማሳ ገሚሱ ደረቀ፤ ገሚሱ ግን ነገሬም ሳይለው ለመለመ። የኮቺቶ ሻይ እኩል ቢጫ ሆነ፣ እኩል አጎነበሰ፣ እኩል ደረቀ። የተረፈ አንድ ስንኳ የለም።

ኮቺቶ ጥቁር ለብሶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። «ልጆቼ አልቀዋል፤ ድንኳን ይተከልልኝ» ብሎም ወደ እድሩ ላከ። ብርቄ ዘንድሮ ምን እንደሚበሉ እያሰበች፣ በእፍረት ጓዳ ገባች።

እድርተኛው መጥቶ ግራ ገባው። አንዱ፣ «ሻይ የእድር አባል አይደለም» አለ። ሌላው፣ «ይሁን ብንል እንኳ ሟቹ ከሺህ ይበልጣል። ለያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቀን ከተቀመጥን እኛም እዚሁ እናልቃለን» አለ። ክርክሩ ጦፈ።

ደምሴ ከኮቺቶ ጎን ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስር አለቃ፣ ከተረፉልኝ ፍሬ ልስጥህ። ታዲያ ሲበቅል መልኩ ልዩ ልዩ ነው። ትችለዋለህ?» አለው።

ኮቺቶ ወደ ደረቀው ማሳ ዞረ። «እችለዋለሁ» አለ፤ እንባውም ያን ጊዜ መጣ።

እድርተኛው ገና ሟች ሲቆጥር የእድሩ ዳኛ አቶ ጋኖ ተነሡ።

«የስንት እናት ልጆች ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

«የአንዲት» አለ ኮቺቶ።

«እንግዲያው ላንድ ሟች እንቀመጥና ወደየቤታችን እንግባ» አሉ አቶ ጋኖ፤ «አንዱን ሺህ ቢያደርጉት፣ ያው አንድ ሞት ይሞታል።»